ስለ ሰው ሠራሽ ጆሮና ስለ ኤሌክትሪኩ ልክ
(በሬዲዮ የተነገረ)



አንድ የመሥሪያ ቤት ወዳጄ የአራት ዓመት ሴት ልጁ በማጅራት ገትር ታማ ከተነሣች በኋላ መስማት ተሳናት። ከብዙ ድካምና ከብዙ ወጪ በኋላ ወደ ውጭ አገር ተወስዳ፣ ድምፅን በኤሌክትሪክ አማካይነት ለነርቭ የሚያደርስ መሣሪያ በጆሮዋ ውስጥ ተተከለላት። መሣሪያው መሥራት በጀመረበት ዕለት ባለሙያዋ አራት ዐይነት የኃይል ልክ በውስጡ አስቀመጠችና «በመጀመሪያው ልክ ጥቂት ቀናት ቆዩ፤ ልጅቱ ስትለምደው ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያም ወደ ሦስተኛው ትሸጋገራላችሁ» ስትል ለአባትየው አስረዳችው። አባት ግን አባት ነውና የልጁ ዝምታ አንገብግቦት፣ «ኃይሉ ከበዛ የምትሰማውም ይበዛል» ብሎ በማግሥቱ በቀጥታ ወደ አራተኛው ልክ አሻገረው። ከዚያ በኋላ በር በተዘጋ ቍጥር፣ ሳህን ከሳህን በተጋጨ ቍጥር፣ ልጅቱ እየጮኸች መሣሪያውን ከጆሮዋ ላይ ነቅላ መጣል ያዘች። ቤተ ሰቡም እልከኛ ሆነች ብሎ ይቈጣት ነበር። በመጨረሻም ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣበት ዕቃ ሦስት ወር ሙሉ በቁም ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ።

ይህን የማነሣው ወዳጄን ለመንቀፍ አይደለም፤ በሬዲዮ እንድናገረው የጠየቀኝም እርሱ ራሱ ነው። ስሕተቱ የብዙዎቻችን ስሕተት ነው። ሬዲዮናችን ጥርት ብሎ አልሰማ ያለን እንደሆነ እጃችን አስቀድሞ የሚሄደው ድምፅ ወደሚጨምረው ማዞሪያ ነው። ነገር ግን ጣቢያው በትክክል ካልተያዘ በቀር፣ ማዞሪያውን ያለ ልክ ማዞር የሚጨምረው ጩኸቱን እንጂ ቃሉን አይደለም። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን በዚህ መሣሪያ ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚለካና ልኩ ሲለዋወጥ በሰሚው ዘንድ ምን ለውጥ እንደሚያመጣ እንመለከታለን።

አስቀድሞ የተፈጥሮን ጆሮ ማየት ያስፈልጋል። የጆሮ የውስጠኛው ክፍል እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠማዘዘ ስለሆነ ሊቃውንቱ ኮክሊያ ብለው ሰይመውታል። ሁለት ዙር ተኩል ያህል የሚዞር፣ ቢዘረጋ ርዝመቱ 35 ሚሊሜትር ያህል የሚሆን፣ ፈሳሽ የሞላበት ጠባብ ቦይ ነው። ድምፅ የጆሮን ታምቡር መትቶ ከበስተኋላው ያሉትን ሦስት ትንንሽ አጥንቶች ሲያንቀሳቅስ፣ እንቅስቃሴው ወደ ፈሳሹ ይተላለፋል። ቀጭን ድምፅ በቦዩ መግቢያ አጠገብ ያለውን ስስ ሽፋን ያንቀጠቅጣል፤ ወፍራም ድምፅ ግን እስከ ጫፉ ድረስ ይዘልቃል። ይህን አካሄድ በብርቱ ጥረት የመረመረው የሃንጋሪ ተወላጅ ጌኦርግ ፎን ቤኬሺ እ.ኤ.አ. በ1961 የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል። በሽፋኑም ላይ በውስጠኛው ረድፍ የተሰለፉ 3,500 ያህል ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉ። እነዚህም እንቅጥቅጡን ወደ ነርቭ ምልክት ለውጠው 30,000 ያህል ለሚሆኑ የመስሚያ ነርቭ ክሮች ያስረክባሉ።

ማጅራት ገትር፣ አንዳንድ ብርቱ መድኃኒቶች፣ የዘር ውርስ ወይም እርጅና እነዚህን ሕዋሳት ያጠፏቸዋል። በሰው ጆሮ ውስጥ አንዴ የጠፉት ተመልሰው አይበቅሉም። ይሁን እንጂ ነርቩ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ጸሐፊዎቹ ሁሉ ሥራ የለቀቁበትን፣ ተላላኪዎቹ ግን በየበሩ ቆመው ደብዳቤ የሚጠብቁበትን መሥሪያ ቤት ይመስላል። የሰው ሠራሹ ጆሮ ተግባር የጠፉትን ጸሐፊዎች አልፎ ለተላላኪዎቹ በቀጥታ ደብዳቤ መስጠት ነው።

ነርቭን በኤሌክትሪክ በመንካት ድምፅ ማሰማት እንደሚቻል በሰው ላይ የተፈተነው ፓሪስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1957 በአንድሬ ጁርኖና በቻርልስ ኤይርዬስ እጅ ነው። ሕመምተኛው የድምፅን ምት ለመለየት ቢችልም፣ ንግግርን እንደ ልቡ ለመረዳት ግን አልቻለም። ከዚያ በኋላ ዊሊያም ሐውስ በሎስ አንጀለስ፣ ኢንገቦርግና ኤርቪን ሆኽማየር በቪየና፣ ግሬም ክላርክ በሜልቦርን በየበኩላቸው ሥራውን ገፉበት። ክላርክ ብዙ ኤሌክትሮድ ያለውን የራሱን መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ጆሮ የተከለው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 1978 ነበር።

መሣሪያው ሁለት ክፍል አለው። የውጭው ክፍል ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠል ሲሆን ማይክሮፎንና አነስተኛ ኮምፒዩተር ይዟል፤ ከእርሱም የሚወጣ ክብ ጥቅልል ሽቦ በማግኔት ኃይል በራስ ቆዳ ላይ ይለጠፋል። የውስጡ ክፍል ከቆዳ ሥር በአጥንቱ ላይ ተቀምጦ፣ ጫፉ እንደ ክር የቀጠነ ሽቦ ወደ ቀንድ አውጣው ውስጥ ይሰዳል። በዚህ ሽቦ ላይ እንደ ሠሪው ፋብሪካ ከ12 እስከ 22 የሚደርሱ ኤሌክትሮዶች ተደርድረዋል። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ቆዳውን የሚያያዝ ሽቦ የለም፤ መልእክቱ የሚተላለፈው በሬዲዮ ሞገድ ነው። እኛ ተራራና ሸለቆ እናሻግራለን ብለን ስንኮራ፣ ይህ ሥርጭት የሚጓዘው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ አድማጩም አንድ ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። መሣሪያው የተተከለለት ሰው ሁሉ የራሱ የሆነ የልክ መዝገብ አለው፤ ባለሙያዎቹ «ካርታ» ይሉታል። የአንዱ ካርታ ለሌላው አይሆንም። ለእያንዳንዱ ኤሌክትሮድ ሁለት ቍጥር ይመዘገባል። አንደኛው ሰውየው ድምፅ መኖሩን ለጥቂት የሚያውቅበት ዝቅተኛው ልክ ነው። ሁለተኛው ድምፁ ጎላ ብሎ ሳያስጨንቅ የሚሰማበት ከፍተኛው ልክ ነው። በአንደኛው ዐይነት መሣሪያ እነዚህ ልኮች ከ0 እስከ 255 ባለው ቍጥር ይጻፋሉ። ሃያ ሁለት ኤሌክትሮድ ካለ አርባ አራት ቍጥር አለ ማለት ነው፤ እያንዳንዱም ትክክል መሆን አለበት።

ዝቅተኛው ልክ ከሚገባው በታች የተደረገ እንደሆነ፣ የሹክሹክታ ድምፅ፣ ከሌላ ክፍል የሚመጣ ጥሪ፣ በቃል መጨረሻ ላይ ያለች ቀጭን ፊደል ሳትሰማ ትቀራለች። ከሚገባው በላይ የሆነ እንደሆነ ደግሞ ጸጥታ የሚባል ነገር ይጠፋል፤ ሰውየው ማንም ሳይናገር ሲያሾፍ፣ ሲያንሾካሽክ የሚውል ድምፅ ይሰማዋል። ከፍተኛው ልክ ሲያንስ ዓለም ሁሉ በግድግዳ ማዶ እንዳለ ደክሞ ይሰማል፤ ንግግርም ይድበሰበሳል። ሲበዛ ግን ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ያስደነግጣል፣ አንዳንድ ጊዜም የፊት ነርቭ በአጠገቡ ስለሚያልፍ የዓይን ሽፋን ወይም ጉንጭ ይርገበገባል። በስቱዲዮአችን የድምፅን ልክ የሚያሳየው መለኪያ ወደ ቀዩ መሥመር ሲዘልቅ ተናጋሪው ምንም ያህል አንደበተ ርቱዕ ቢሆን ቃሉ ይበላሻል፤ እኛ ያን ጊዜ ተናጋሪውን አንቈጣም፣ መለኪያውን እናወርዳለን። የወዳጄ ልጅ መሣሪያዋን ነቅላ ስትጥል በቀይ መሥመር ላይ እንዳለች መናገሯ ነበር፤ ሌላ መናገሪያ አልነበራትም።

የችግሩ ሥር የሰደደው ኤሌክትሪክ ከድምፅ ይልቅ ጠባብ ቤት ስላለው ነው። ጤነኛ ጆሮ ከሁሉ ከደከመው ድምፅ አንሥቶ ሕመም እስከሚያመጣው ድረስ 120 ዴሲቤል ያህል ስፋት አለው፤ ይህም በአየር ግፊት ሲታሰብ የአንድ ሚሊዮን እጥፍ ልዩነት ነው። በኤሌክትሮድ በኩል ግን ከዝቅተኛው ልክ እስከ ከፍተኛው ልክ ያለው ስፋት ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ዴሲቤል ብቻ ነው። ኃይሉ ዐሥር እጥፍ እንኳ ሳይሞላ ከመነሻው እስከ ጣራው ይደርሳል። ስለሆነም ኮምፒዩተሩ ሰፊውን ዓለም ወደ ጠባቧ ክፍል ማጨቅ አለበት። በአንደኛው የታወቀ መሣሪያ በተለመደው አሠራር፣ ከ25 ዴሲቤል በታች የሆነው ድምፅ አይተላለፍም፤ ከ65 በላይ የሆነውም በጣራው ላይ እንዲቆም ይደረጋል። የዝግታ ጭውውታችን 60 ዴሲቤል አካባቢ ስለሆነ ንግግር በዚህ ውስጥ ይመቸዋል። መስኮቱን ማስፋት የሩቁን ድምፅ ያስገባል፤ ነገር ግን የጎዳናውን ጫጫታም አብሮ ያስገባል። ማጥበብ የጎዳናውን ያስቀራል፤ ሹክሹክታውንም አብሮ ያስቀራል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማግኘት አይቻልም፤ ባለሙያውና ባለቤቱ ተመካክረው ይመርጣሉ።

ኤሌክትሪኩ እንደ ወንዝ ሳያቋርጥ የሚፈስ አይደለም፤ በምት በምት ነው። የእያንዳንዱ ምት ቆይታ በማይክሮ ሰከንድ፣ ይኸውም በሰከንድ ሚሊዮንኛ ይለካል። የሚሰማው ጕላት የሚወሰነው ከሞላ ጎደል በኃይሉና በቆይታው ብዜት ነው፤ ስለዚህ ኃይሉን መጨመር ያስቸገረ እንደሆነ ምቱን በማርዘም ተመሳሳይ ጕላት ማግኘት ይቻላል። እያንዳንዱ ምትም ሁለት ግማሽ አለው፤ አንደኛው ግማሽ የሰጠውን ሁለተኛው በተቃራኒ አቅጣጫ ይመልሳል። እንዲህ ሒሳቡ ባይዘጋ ኖሮ ኤሌክትሮዱም በዙሪያው ያለው ሥጋም ይጎዳ ነበር።

ከዚህ ይበልጥ ትልቅ ለውጥ ያመጣው የተራ ጉዳይ ነው። በአንዳንድ የቀድሞ መሣሪያዎች ኤሌክትሮዶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ኤሌክትሪክ ይለቁ ስለነበር፣ የአንዱ ከሌላው ጋር በፈሳሹ ውስጥ እየተቀላቀለ መልእክቱን ያደበላልቀው ነበር። ሊቀ መንበር በሌለው ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1991 ብሌክ ዊልሰንና ባልደረቦቹ በሰሜን ካሮላይና፣ ኤሌክትሮዶቹ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም እያለ በፍጥነት እንዲፈራረቁ የሚያደርግ ዘዴ አሳተሙ። መሣሪያው ከሰውየው ጆሮ ሳይወጣ፣ በውጭው ኮምፒዩተር ውስጥ ያለው የአሠራር ሥርዐት ብቻ ተለውጦ፣ በምርምሩ ከተሳተፉት ሰዎች ብዙዎቹ ንግግርን ከቀድሞው እጅግ በተሻለ ሁኔታ ሰሙ። ዊልሰን፣ ክላርክና ኢንገቦርግ ሆኽማየር እ.ኤ.አ. በ2013 የላስከርን ሽልማት በአንድነት ተቀብለዋል። በበኩሌ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚደንቀኝ ይህ ነው፤ ያንኑ ሽቦ ይዞ፣ ተራ በማስጠበቅ ብቻ ይህን ያህል መራመድ።

ስለ ምቱ ብዛት ደግሞ ብዙ ይጠየቃል። ዛሬ በተለመደው አንድ አሠራር እያንዳንዱ ኤሌክትሮድ በሰከንድ 900 ምት ይሰጣል፤ ከ22ቱም ውስጥ በየቅጽበቱ ከፍተኛ ድምፅ የያዙት 8 ብቻ ተመርጠው ይሠራሉ። በሰከንድ 7,200 ምት መሆኑ ነው። ምቱ እጅግ ካነሰ የንግግር ፈጣን ለውጥ ይጎድላል። ታዲያ ከዚህ በላይ ቢጨመርስ? አንዳንዱ ይጠቀማል፤ አንዳንዱ ምንም ለውጥ አያይም፤ አንዳንዱም ይብስበታል፤ ባትሪው ግን በሁሉም ዘንድ ቶሎ ያልቃል። ደግሞም ምቱ ሲፋጠን በሰሚው ዘንድ ድምፁ የሚቀጥነው እስከ 300 ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ጆሮ ልዩነቱን ማወቅ ይሳነዋል። ለዚህ ነው ዜማ በዚህ መሣሪያ ሲሰማ እንደ ንግግር የማይጠራው። የከበሮው ምት በሚገባ ይታወቃል፤ የክራሩ ዜማ ግን ወዴት እንደ ወጣና ወዴት እንደ ወረደ ለመለየት ያስቸግራል።

የኤሌክትሮዶቹም ብዛት እንደዚሁ ነው። ሮበርት ሻነንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ምርምር፣ ጤነኛ ጆሮ ያላቸው ሰዎች ድምፁ ወደ አራት ሰፋፊ ክፍሎች ብቻ ተሰባብሮ ቢሰጣቸው በጸጥታ ቦታ ንግግርን ከሞላ ጎደል እንደሚረዱ ታይቷል። መሣሪያ በተተከለላቸው ሰዎች ዘንድ ከስምንት ያህል ኤሌክትሮድ በላይ ጥቅሙ ብዙ አይጨምርም፤ ምክንያቱም ኤሌክትሪኩ በፈሳሹ ውስጥ ተስፋፍቶ የጎረቤቱን ነርቭ ስለሚነካ ነው። በመዳፍ ክራር መምታት እንጂ በጣት አንዲቱን ጅማት መርጦ መንካት አልተቻለም።

ለእያንዳንዱ ኤሌክትሮድ የትኛው ድምፅ ይሰጠው የሚለውም የካርታው ክፍል ነው። በአንደኛው መሣሪያ ከ188 እስከ 7,938 ሄርትዝ ያለው ድምፅ ለ22ቱ ይከፋፈላል። ይሁን እንጂ ሽቦው ብዙውን ጊዜ እስከ ቀንድ አውጣው ጫፍ ስለማይደርስ፣ ወፍራሙ ድምፅ በተፈጥሮ ለቀጭን ድምፅ በተመደበ ቦታ ላይ ያርፋል። ቀድሞ ይሰሙ የነበሩ ሰዎች መሣሪያው በተከፈተበት ዕለት የሚስታቸው ወይም የባላቸው ድምፅ እንደ አይጥ ጩኸት፣ እንደ ዳክዬ ወይም እንደ መኪና ንግግር ሆኖባቸው የሚደነግጡት በዚህ ምክንያት ነው። አእምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ አዲሱን አደላደል ይማራል። ስለዚህ አንድ ኤሌክትሮድ ተበላሽቶ በተዘጋ ጊዜ ድርሻው ለቀሩት ይከፋፈላል፤ ሰውየውም እንደገና ጥቂት መልመድ ይኖርበታል።

የእኛ ቋንቋ በዚህ ነገር ጥቂት ዕድል አለው ለማለት እደፍራለሁ። በቻይና ቋንቋ የድምፅ መውጣትና መውረድ የቃሉን ትርጕም ስለሚለውጥ፣ መሣሪያው ደካማ በሆነበት በዚያው ቦታ ፈተና ይገጥማቸዋል። አማርኛ ግን ትርጕም የሚለየው በማጥበቅና በማላላት ነው፤ «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው፤ «ገና»ም እንደዚሁ። ማጥበቅ የጊዜ ርዝመት ስለሆነ፣ ጊዜን ደግሞ መሣሪያው በደኅና ያስተላልፋል። በአንጻሩ «ጠ»ን ከ«ተ» የሚለየው እጅግ አጭር የሆነ ፍንዳታና ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣ ቅጽበታዊ ጸጥታ ነው። «ሰ»ንም ከ«ሸ» የሚለየው በቀጭን ድምፅ በኩል ያለው ልዩነት ነው። ለቀጭኑ ድምፅ የተመደቡት ኤሌክትሮዶች ዝቅተኛ ልካቸው በትክክል ካልተያዘ፣ ልጁ «ሰማ»ን ከ«ሸማ» አይለይም፤ መምህሩም ልጁ ሰነፍ ይመስለዋል።

ትልቅ ሰው «በቃ፣ በዛብኝ» ማለት ይችላል። ሕፃን ግን እንዴት ይጠየቃል? ባለሙያዎቹ ነገሩን በጨዋታ ያደርጉታል፤ ልጁ ድምፅ በሰማ ቍጥር አንዲት ጠጠር ወደ ጣሳ እንዲጥል ያስተምሩታል። ለዚህ ያልደረሰ እንደሆነ መሣሪያው ራሱ ወደ ኋላ ይናገራል፤ ምት ከሰጠ በኋላ ነርቩ የመለሰውን ምልክት ተቀብሎ ለኮምፒዩተሩ ያሳያል። እንዲሁም በመካከለኛው ጆሮ ውስጥ ያለችው ትንሿ ጡንቻ ብርቱ ድምፅ ሲመጣ በራስዋ ትኰማተራለች፤ የምትኰማተርበት ልክ ከከፍተኛው ምቹ ልክ ጋር የተቀራረበ ስለሆነ ጥሩ መሪ ትሆናለች። እነዚህ ግን መነሻ እንጂ መድረሻ አይደሉም። በመጀመሪያዎቹ ወራት በኤሌክትሮዶቹ ዙሪያ ያለው ሥጋ ስለሚለዋወጥ ልኩም አብሮ ይለዋወጣል፤ ስለዚህ መመላለስ የግድ ነው።

ማጅራት ገትር ካመጣው የመስማት ጉዳት ጋር የተያያዘ ሌላም ነገር አለ። አገራችን ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በሚዘረጋው የማጅራት ገትር መቀነት ውስጥ ስለምትገኝ ሊታወቅ ይገባል። ከበሽታው በኋላ በቀንድ አውጣው ውስጥ ያለው ቦይ በጥቂት ሳምንታትና ወራት ውስጥ ወደ አጥንትነት ሊለወጥ ይችላል። ያን ጊዜ ሽቦውን ማስገባት ያስቸግራል፤ ከገባም በኋላ ኤሌክትሪኩ አጥንቱን አልፎ ነርቩን ለመድረስ ብርቱ ልክ ይፈልጋል፤ ብርቱው ልክ ደግሞ የፊት ነርቭን ይነካል። ስለዚህ በዚህ በሽታ ታሞ የዳነ ልጅ የመስማቱ ነገር ሳይዘገይ መመርመር አለበት።

ለካርታ ሥራ ባሕር ተሻግሮ መመላለስ ለደመወዝተኛ የሚቻል አይደለም። በዚህ በኩል ደስ የሚያሰኝ ነገር ተጀምሯል፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017፣ ቢያንስ ስድስት ወር በመሣሪያው ለተለማመዱ ሰዎች ተከታዩ የልክ ማስተካከል ሥራ ባለሙያው በሩቅ ሆኖ በኢንተርኔት እንዲያከናውነው ለአንድ ዐይነት መሣሪያ ፈቅዷል።

ወዳጄ ልጁን ይዞ ለቀጠሮው በተመለሰ ጊዜ ባለሙያዋ አልተቈጣችውም። አራተኛውን ልክ አጠፋች፤ ከፍተኛዎቹን ቍጥሮች አወረደች፤ ከመጀመሪያው አስጀመረችው። አንድ ደብተርም ገዝቶ የሚያየውን ሁሉ ቀን እየቈጠረ እንዲጽፍ ነገረችው፤ ካርታውን የምታስተካክለው ከኮምፒዩተሩ ይልቅ በዚያ ደብተር እንደሆነ አስረዳችው። ደብተሩን ባለፈው ሳምንት አሳየኝ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ «በር ተዘጋ፤ ዞር ብላ አየች፤ አልነቀለችውም» የሚል አለ። ጥቂት ገጾች አለፍ ብሎ፣ «ከጓዳ ስሟን ተጠራች፤ አልመለሰችም። ሁለተኛ ስትጠራ መጣች» ይላል። በመጨረሻው ገጽ ደግሞ በቀይ እስክሪፕቶ የተሠመረበት እንዲህ የሚል አገኘሁ፤ «ሸማ አምጪ ብላት ቁጭ ብላ ታዳምጠኛለች። ቀጭን ድምፅ በሚሰጡት ኤሌክትሮዶች በኩል ይታይልኝ።»